ጭው የሚል ጆሮ፦ የቲኒተስ መንስኤ፣ ምርመራና ሕክምና

ከለሚ ተነስቶ የጀማን ሸለቆ እያቋረጠ ወደ ዓለም ከተማ የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። መኪናው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲያያዘው ጆሮ ይደፈናል፣ የሰዉ ወሬ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ምራቅ ሲዋጥ ወይም ሲያዛጉ ደግሞ ድንገት ይከፈትና ጥቂት ጭው ብሎ ይተዋል። ይህ በሽታ አይደለም። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ከውጪው አየር ጋር እስኪመጣጠን የሚፈጠር ነገር ነው። ሁለቱን የሚያመጣጥነው ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይህ ቱቦ ስለሚያብጥበት ቁልቁለቱ ይብስበታል።

እዚህ የምንጽፈው ግን ተራራው ካለቀ በኋላም ስለማይተው ድምፅ ነው። አንዳንዱ እንደ ፌንጣ ሲርር ይሰማዋል፣ አንዳንዱ እንደ ፉጨት፣ ሌላው እንደ ወፍጮ ሞተር፣ ሌላው እንደ ወንዝ። ቀን በሥራና በወሬ መካከል ይደበቅና ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይነሳል። አጠገብ የተኛ ሰው ምንም አይሰማም። ስለዚህ ሕመምተኛው በቤቱ ውስጥም ብቻውን ነው፤ ብዙው ደግሞ "አብደሃል" እንዳይባል ብሎ ዝም ይላል።

በሕክምና ቋንቋ ይህ ቲኒተስ ይባላል። በዐረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ "ጠኒን" በሚለው ቃል ታውቁት ይሆናል። ቃሉ አዲስ አይደለም። በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብኑ ሲና "አል-ቃኑን ፊጥ-ጢብ" በተባለው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጆሮ ሕመሞች ሲጽፍ ለዚህ ድምፅ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። በዘመናችን በ2022 እ.ኤ.አ. በጃማ ኒውሮሎጂ መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህን ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ከእነዚህም ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከባድ ችግር እንደሆነባቸው ገምቷል። ወንድና ሴት እኩል ያገኛቸዋል፤ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ጆሮው ጭው የሚልበት ሰው ጆሮው ውስጥ የሚጮህ ነገር ያለ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን የለም። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፅ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት አሉ። እነዚህ አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጥቂቶቹ ሲሞቱ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ የጎደለውን ለማግኘት የራሱን ማጉያ ከፍ ያደርጋል። ሬዲዮ ጣቢያው ሲርቅ ድምፁን ብንጨምር ሹሹታው እንደሚበዛ ማለት ነው። የምንሰማው ጭውታ በአመዛኙ ያ ሹሹታ ነው።

በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቁ። 94 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ። ስለዚህ ጥያቄው "ድምፁ ለምን መጣ?" ብቻ አይደለም፤ "አንጎሌ ለምን አልተወውም?" የሚለውም ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ፓወል ጃስትረቦፍ ያቀረበው ማብራሪያ በዚህ ላይ ያተኩራል። አንጎል አንድን ድምፅ "አደጋ ነው" ብሎ ከፈረጀው ፍርሃትንና ንቃትን የሚቆጣጠረው ክፍል ይነቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ድምፁ ይጎላል። ሕክምናው የሚገባው በዚህ ዙሪት መሐል ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚባሉ ሁለት ነገሮችን ማንሳት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ጆሮ ሲጮህ ስሜ እየተነሳ ነው ወይም እየታማሁ ነው የሚለው ነው። ከዚሁ ጋር ጆሮ ሲጮህ ሰለዋት ማውረድን የሚያዝ ዘገባ በሰፊው ይነገራል። ሰለዋት በማንኛውም ሰዓት የተወደደ ነው፤ ዘገባውን ግን ኢብኑል ጀውዚ "አል-መውዱዓት" በተባለው፣ የተፈበረኩ ዘገባዎችን በሰበሰበበት መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለተኛው፣ ጂን ነው የሚለው ነው። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ከምርመራ የሚያስቀረው ምንም ምክንያት የለም፤ ሁለቱ አይጣሉም። አንድ ልዩነት ግን ቤተሰብ ማወቅ አለበት። ቲኒተስ ፉጨት፣ ጭውታ ወይም ምት ነው፤ ቃል የለውም። ሰውየው የሚሰድበው፣ የሚያዘው ወይም የሚያስፈራራው ንግግር የሚሰማ ከሆነ ጉዳዩ የጆሮ አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፣ እሱም የሚታከም ነው።

መርሐቤቴን በመሰለ አገር የሚያጋጥሙ መንስኤዎች

ከቀላሉ እንጀምር። የጆሮ ኩክ ተጠራቅሞ ሲደርቅ ጆሮን ይደፍናል፣ ጭውታም ያመጣል። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ ጆሮ ራሱን የሚጠብቅበት ነው፣ በራሱም ይወጣል። በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ፣ በቁልፍ ወይም በጥጥ ዘንግ የሚቆረቁር ሰው አብዛኛውን ኩክ ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀው ነው። ነፍሳት የገባበት ጆሮም ይንኳኳል። ይህ ከጥቂቶቹ እውነተኛ የጆሮ ውስጥ ድምፆች አንዱ ነው። ታምቡሩ ያልተቀደደ ሰው ላይ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጎ ነፍሳቱን መግደል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስወጣት ነው።

ጆሮ መምገል በገጠራችን ከልጅነት ጀምሮ የሚታገሡት ነገር ሆኖ ቆይቷል። "ሲያድግ ይተወዋል" ይባላል። ለወራት የሚፈስ ጆሮ ግን ታምቡሩን ይቀዳል፣ ትንንሾቹን አጥንቶች ይበላል፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ሽፋን ይሻገራል። በዚህ ላይ የቅጠል ጭማቂ፣ ወተት ወይም ቅቤ ማፍሰስ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። የሚፈስ ጆሮ ውስጥ ሐኪም ካላዘዘው በቀር ምንም ነገር አይገባም፤ ነፍሳት ቢገባ እንኳ ዘይቱ ለእሱ አይሆንም።

ከዚያ ጩኸት አለ። ሥራው ላይ ድምፁ 85 ዴሲቤል የሚደርስ ሰው ያለ መከላከያ መቆየት የሚገባው በቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። መለኪያ የሌለው ሰው ይህን በቀላሉ ያውቀዋል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው እንዲሰማህ መጮህ ካለብህ ቦታው ለጆሮህ አይሆንም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ልጅ፣ ብረት በያጅ፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ ከናፍጣ ሞተር አጠገብ የሚውል ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነ የስፖንጅ መድፈኛ ብዙ ያድናል።

ጥይት ከሁሉም ይከፋል። የአንድ ጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ለዚህ የሚፈቀድ ደቂቃ የለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሕዋሳቱን ሊገድል ይችላል። በመንዝም በመርሐቤቴም ለሠርግና ለለቅሶ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ክልሉ ከዚያ የከፋ ተኩስ ሰምቷል። ከፍንዳታ በኋላ ጆሮው ጭው ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ነው፤ ቁስል ስለማይታይ ግን ከቆሰሉት ጋር አይቆጠርም።

ስለ ድምፅ ማጉያም ዝም ማለት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ስፍራዎች ባወጣው መመዘኛ የድምፁ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጠይቋል። መስጊድ የመዝናኛ ስፍራ አይደለም፣ ጆሮ ግን አንድ ነው። በመንዙማ ፕሮግራምም ይሁን በሠርግ ሕፃናትን ከማጉያው ፊት ማስቀመጥ የለብንም። ጆሮ ማዳመጫ ለሚሰኩ ወጣቶችም ነገሩ ያው ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው እንምጣ፤ መድኃኒት። አንዳንድ መድኃኒቶች ሕይወት እያዳኑ ጆሮን ይጎዳሉ። የቀድሞው የቲቢ መርፌ ስትሬፕቶማይሲን በዚህ ይታወቃል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ለብዙ ወራት የሚወጉት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲንም ብዙ ሕመምተኞችን ከቲቢ አድነው የመስማት ችግር አትርፈውላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለቱን መጠቀም እንዲቀር ከመከረ ወዲህ ሕክምናው በአፍ ወደሚወሰዱ መድኃኒቶች ዞሯል። ጄንታማይሲን ዛሬም በየሆስፒታሉ ለከባድ ኢንፌክሽን ይሰጣል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ አደጋው ይጨምራል። ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲንም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ቋሚ ነው።

ኪኒን ለየት ይላል። ወደ ቆላው ወርዶ ወባ የያዘውና በኪኒን የታከመ የቀድሞ ሰው ጆሮው እንደ ደወል ሲጮህበት ያስታውሳል። ያ ድምፅ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ይጠፋል። በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ተመሳሳይ ነው። መርፌ ወይም ክኒን ከጀመራችሁ በኋላ ጆሯችሁ መጮህ ከጀመረ በራሳችሁ አታቁሙ፤ በተለይ የቲቢን መድኃኒት ማቋረጥ ሌላ መዘዝ ያመጣል። በዚያው ቀን ግን ለሐኪሙ ንገሩ።

የቀሩትን በአጭሩ፦ እርጅና፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የአንገትና የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም፣ ከማዞር ጋር የሚመጣው የሜኒዬር በሽታ። ጫት ለሰዓታት የሚቅም ሰው መንጋጋውን ያደክማል፣ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፉንም ያጣል። ለሚጮህ ጆሮ ሦስቱም አይበጁም። ቡናን ግን በከንቱ አንክሰሰው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ካፌይን በብዛት የሚወስዱት ሴቶች ላይ ቲኒተስ አንሶ ነው ያገኘው። በማታ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ሰዓቱን ይቀይር እንጂ ሁሉም ሰው ጀበናውን እንዲሰቅል የሚያዝ ማስረጃ የለም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ዓለም ከተማ ውስጥ ሰዎች ለሰዎች የተባለው፣ በካርልሄይንዝ በም የተመሠረተው ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። አዲስ አበባ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያስበው "አዲስ አበባ ልሂድና ራሴን ልነሳ" ነው። ብሩን ከማውጣቱ በፊት ግን የምርመራው ትልቁ ክፍል በትንሽ መሣሪያ የሚሠራ መሆኑን ይወቅ።

በኦቶስኮፕ ጆሮን አይቶ ኩክ፣ መግል ወይም የተቀደደ ታምቡር መለየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ግፊት መለካትና የደም ማነስን ማየትም እንዲሁ። 512 ኸርዝ የሚርገበገብ የብረት ሹካ ካለ ችግሩ የድምፁ መንገድ መዘጋት ነው ወይስ የነርቭ የሚለውን ይጠቁማል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ግን ጥያቄ ነው። በአንድ ጆሮ ነው በሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? ከልብ ምት ጋር አብሮ ይመታል? መስማት ቀንሷል? ያዞራል? ምን መድኃኒት ወስደሃል? ሥራህ ምንድነው? እንቅልፍስ?

ቀጣዩ ደረጃ የመስማት ልኬት ነው። ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን በጆሮ ማዳመጫ እያሰሙ የሚሠራና በግራፍ የሚወጣ ነው። ድምፁ ከ6 ወር በላይ የቆየበት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሆነበት ወይም መስማት የቀነሰበት ሰው ይህን ማግኘት አለበት። ለዚህ ሪፈር ተጽፎ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ከአንገት በላይ ክፍል መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ኤም.አር.አይ. ለሁሉም አይደለም። የአሜሪካ የከአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ካልሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ካልመታ፣ የሁለቱ ጆሮ መስማት ካልተለያየ ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ከሌለ የራስ ምስል ማንሳት እንደማይመከር ጽፏል። በሁለቱም ጆሮ እኩል ጭው ለሚልበት ሰው ላም ሸጦ ራስን መነሳት ብዙ ጊዜ "ደህና ነህ" የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ መመለስ ነው።

የማይቆዩ ምልክቶች ግን አሉ። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በአንድ ሌሊት መስማት ካቆመ ኩክ ነው ብሎ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የሚረዳው ቶሎ ከተጀመረ፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሆን ይሻላል። ከልብ ምት ጋር የሚመታ ድምፅ የደም ሥር ችግር፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። በአንድ ጆሮ ብቻ ቀስ እያለ የሚመጣ ጭውታና የመስማት መቀነስ በነርቩ ላይ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ሊሆን ይችላል። ከራስ መመታት በኋላ የመጣ፣ ከፊት መጣመም ወይም ከከባድ ማዞር ጋር የመጣም አይቆይም። "ከዚህስ ብሞት ይሻላል" ማለት የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሕክምናው

መንስኤው ከታወቀ መንስኤውን ማከም ነው። ኩክ ይወጣል፣ የሚመግል ጆሮ ይደርቃል፣ ታምቡር በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፣ ግፊትና የደም ማነስ ይስተካከላሉ። ብዙ ጊዜ ጭውታውም አብሮ ይሄዳል ወይም ይቀንሳል።

ከነርቭ ለመጣውና ለቆየው ድምፅ የሚያጠፋ ክኒን እስከ ዛሬ የለም። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ሌላ የሚነግራችሁ እየሸጠላችሁ ነው። በፋርማሲውም በስልካችንም የሚተዋወቁት የጊንኮ ቅጠል፣ ዚንክ፣ ሜላቶኒንና ሌሎች ማሟያዎች በዚያው የ2014 መመሪያ ለቲኒተስ እንዳይመከሩ ተብለዋል። መድኃኒቱን በራሱ ላይ ሲፈልግ የሞተም አለ። ታዋቂው እንግሊዛዊ የጆሮ ሐኪም ጆሴፍ ቶይንቢ በ1866 እ.ኤ.አ. ለጆሮ ጩኸት ይበጅ እንደሆነ ለማየት ክሎሮፎርምና ሳያናይድ ያለበትን አሲድ ሲያሸት ሕይወቱ አልፏል።

ክኒን የለም ማለት ግን ሕክምና የለም ማለት አይደለም። "ምንም አይደረግም፣ ቻለው" ተብለው የተመለሱ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት። መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሰው ንግግር ይመልስለታል፤ አንጎሉም የጎደለውን ሲያገኝ ማጉያውን ዝቅ ያደርጋል። ሽማግሌ አባቶች መሣሪያውን እንደ ውርደት ያዩታል፤ መነጽር የሚያደርጉት ግን ሳያፍሩ ነው።

በጥናት ጥሩ ድጋፍ ያገኘው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ ቲኒተስ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንደሚቀንስ አግኝቷል። ድምፁን አያጠፋም። "ሊያሳብደኝ ነው"፣ "ከዚህ በኋላ አልተኛም" የሚሉትን ሐሳቦች አንድ በአንድ እያወጣ ከማስረጃ ጋር ያጋጥማቸዋል። በየወረዳው ይህን የሠለጠነ ባለሙያ አይገኝም። መሠረቱ ግን በቤት ሊጀመር ይችላል። በቂ ምርመራ ተደርጎ አደገኛ ነገር እንደሌለ ማወቅ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው።

ጸጥታን መሸሽም ይረዳል። ሌሊት ዝቅ ያለ ሬዲዮ፣ የዝናብ ወይም የወንዝ ድምፅ ቅጂ በስልክ ማጫወት ጭውታው ብቻውን እንዳይነግሥ ያደርጋል። ድምፁ ጭውታውን ከመሸፈን ትንሽ ዝቅ ይበል፤ አንጎል ሁለቱን አብሮ እየሰማ እንዲለምድ ነው የምንፈልገው። ቲላዋ የሚከፍቱ ብዙ ናቸው። ቁርኣን በተኛ ሰው ላይ እንደ ሹሹታ እንዲሆን የማይወድ ሰው የዝናቡን ይምረጥ።

በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጆሮ ድምፅ፣ በምላስ ላይ ደግሞ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ሌኒር የተባለ መሣሪያን ፈቅዷል። ለአንዳንዶች ጫናውን ይቀንሳል፤ ፈውስ አይደለም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ልንልክላችሁ ሲሉ መጀመሪያ የመስማት ልኬት ይደረግ።

ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይለምደዋል። ድምፁ እዚያው ሊሆን ይችላል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ግን ካላዳመጡት አይሰማም።

ውዱእ፣ ትጥበትና የፆም ጠብታ

ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ጆሮው የሚመግል ሰው ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባበት ይጠንቀቅ። ለውዱእ ጆሮን በእርጥብ ጣት ማበስ ስለሆነ ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም። ለትጥበት ጊዜ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮ አፍ ላይ ማድረግ ይረዳል። ሐኪም ውኃ ጭራሽ እንዳይነካው ካለ ዓሊም ጠይቁ፤ ለሕመምተኛ የተሰጠ ማግራራት አለ።

በረመዷን የጆሮ ጠብታ የታዘዘለት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ወደ ጆሮ ውስጥ የገባ ጠብታ ፆም ያስፈታል የሚል ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ግን ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡ ድረስ የጆሮ ጠብታ እንደማያስፈታ ወስኗል። ብዙ ጠብታዎች በቀን ሁለት ጊዜ የሚደረጉ ስለሆኑ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በፆም ሰበብ መግል ያለበትን ጆሮ አንድ ወር ያለ ሕክምና መተው ግን ማንም ያላዘዘው ነው።

ሪፈር ተጽፎላችሁ ከዓለም ከተማ የምትነሱ ከሆነ ባለፉት ወራት የወሰዳችኋቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ መርፌም ቢሆን፣ ካርዱን ወይም ባዶ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ከሚጠይቃችሁ መጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በጉዞው ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ ማስቲካ አኝኩ፤ ጉንፋን ከያዛችሁና ቀጠሮው የማያስቸኩል ከሆነ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ውጡ።